ትከሻና በር
በበዓል ዋዜማ ሸማ ተራ የገባ ሰው ግፊያን ያውቃል። አንዷ ነጠላ ታማርጣለች፣ ሌላው በጋቢ ዋጋ ይከራከራል፣ ተሸካሚው እስር ጨርቅ ጭኖ «ወገድ! ወገድ!» እያለ መሃላቸውን ይሰነጥቃል። ያ ሕዝብ ግን እያንዳንዱ የሚሄደው ወደየራሱ ጉዳይ ነው። ኮንሰርት ላይ ሁሉም ወደ አንድ መድረክ ይዞራል፤ ሙቀቱም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የእኛ ታዳሚ ሙቀት ሥሩ አዝማሪ ቤት ይመስለኛል። እዚያ እንግዳው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በመሰንቆ ይመልስለታል፣ ደስ ያለው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። መድረኩ ሲሰፋ ልማዱ አልጠፋም፤ ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር አዝማቹን የሚጨርሰው ታዳሚው ነው። የመርካቶው ልጅ ማህሙድ አህመድ ራሱ ወደ መድረክ የወጣው ከታች ነው። ሊስትሮ ነበር፤ አሪዞና ክለብ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ በቀረበት ምሽት ልዝፈን ብሎ ወጣ።

ጭፈራውም ለጥቅጥቅ ሕዝብ የተመቸ ነው። እስክስታ ትከሻ እንጂ ሰፊ ወለል አይጠይቅም፤ ክንድ ለክንድ ተጣብቆም ይመታል። ጉራጊኛ ሲጀመር ግን እግር ቦታ ይፈልጋል፣ ሰዉም ገለል ብሎ ክብ ይሠራል። የምዕራቡ ሮክ ታዳሚ ሆን ብሎ እርስ በርሱ የሚላተምበት ጨዋታ እኛ ዘንድ ብዙም ሥር አልሰደደም። ስሙን ከባለ ቀይ ጥለቱ ሸማ የወሰደው ጃኖ ባንድ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ጊታሩ ከባድ ሮክ ቢሆንም ከሥሩ ያለው የአገር ቤት ዜማ ነው። ትከሻን የሚቀሰቅስ ሮክ!

ቦታውም ታዳሚውን ይቀርጸዋል። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት ሲከበር መስቀል አደባባይ ሕዝቡን በደረጃዎቹ ላይ ዘርግቶ ይዞታል፤ ከኋላ ያለውም ቁልቁል ያያል፣ የመግፋት ፍላጎቱ ይቀንሳል። ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የዘፈነችበት ሚሊኒየም አዳራሽ ግን ሜዳ ወለልና በር ያለው ነው።

በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ወይም 6 ሰው በላይ ሲታጨቅ ማንም በራሱ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይናወጣል። በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ብዙዎች የሚሞቱት ተረግጠው ሳይሆን ደረታቸው ተጨምቆ ትንፋሽ አጥተው፣ አንዳንዴም እንደቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲንሲናቲ፣ በዘ ሁ ባንድ ኮንሰርት፣ 11 ሰዎች የሞቱት ገና ሳይገቡ በር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በዴንማርኩ ሮስኪልዴ ፌስቲቫል 9፣ በ2021 በሂውስተን 10 ሰዎች በግፊያ አለቁ። በየጊዜው የሚወቀሰው «ስካርና ጋጠወጥነት» ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት በር ተከፍቶ እንደነበር ነው።

እኛ ዘንድም ጠባቡ ቦታ የፍተሻው ሰልፍ ነው። ዝግጅቱ ይዘገያል፣ ሰዉ ይከማቻል፣ የኋላው የፊተኛውን አያይም። ከውስጥ የመጀመሪያው የድራም ድምፅ ሲሰማ የኋላው ይገፋል፤ የፊተኛው ገና ኪሱን እያስፈተሸ ነው።