ርስትና ጉልት፤ የባለርስቱ መብትና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

ርስት ማለት በጎጃም፤ በበጌምድርና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ አገሮች ሰው ከአባቶቹ በትውልድ የሚያገኘው የመሬት መብት ነው። አገሩን አስቀድሞ ካቀናው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሁሉ፤ ወንድም ሴትም፤ ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ ባለርስቱ በያዘው እርሻ ላይ ብቸኛ ጌታ አልነበረም፤ ሌላ ዘር ቈጣሪ ሲነሣ ይዞታው ይቀነስ ነበር፤ ለባዕድ ለመሸጥ ቢያስብም ዘመዶቹ ይቃወሙት ነበር።

ጉልት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመቀበልና ነዋሪውን የመዳኘት መብት ሲሆን፤ ነገሥታቱ ለመኳንንትና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሰጡት ነበር። ባለጉልት ይሾማል፤ ይሻራል፤ ባለርስቱ ግን በስፍራው ይቀራል። «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። መንግሥት ከምርቱ ይወስዳል እንጂ መሬቱ የማን እንደ ሆነ የሚወስነው የትውልድ ቈጠራ ነበር። እርግጥ ነው፤ ኀይለኛ ሹም በሥልጣኑ ተመክቶ የርስት ክርክር ይረታ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ዘሩን ቈጥሮ መከራከር ነበረበት።

በደቡብ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ከሆነው የግዛት መስፋፋት በኋላ፤ ብዙው መሬት በቀላድ እየተለካ ለሹምና ለወታደር ተሰጠ፤ ብዙው አራሽም ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ በሰሜን ገበሬ ዘንድ መሬት መለካት ርስትን የማጣት መጀመሪያ ሆኖ ይታይ ነበር።

ይህ ስጋት በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ተገለጠ። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ዐሥራትን ሽሮ፤ ምርቱ እየተገመተ ግብር እንዲከፈል አዘዘ። ገበሬዎቹ ገማቾቹን እንደ መሬት ለኪዎች ስለ ቈጠሯቸው መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ። መንግሥት ጦር ቢልክም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢውን አዛወረ፤ የቀድሞውንም ውዝፍ ግብር ማረ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ መሸጥንም ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፤ ገበሬው መሬት በነፃ እንዲያገኝና ከይዞታው እንዳይነቀል ደነገገ።

ርስት ሁሉን የሚያቅፍ አልነበረም፤ በብዙ ስፍራ ሙስሊሞች፤ ቤተ እስራኤልና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ከርስት ውጭ ነበሩ። ሆኖም የግል ሀብት ብቻ ነው ሥልጣንን የሚገድበው ለሚል ሰው ይህ ልማድ መልስ አለው። የባለርስቱ መብት በዘመዶቹ ፊት የላላ፤ በመንግሥት ፊት ግን የጠነከረ ነበር፤ ምክንያቱም የሰጠው መንግሥት አልነበረም። ዛሬ ይዞታው በሕግ የተሰጠ ስለ ሆነ፤ የገበሬው ዋስትና ሕጉን በሚያስከብረው ዳኛ ላይ ያርፋል።