ላፕቶፑ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14, 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አቁሟል። ጉዳዩ እዚህ ዲኬተር ውስጥ ላለ የአንድ ሃይስኩል ተማሪ ቤት ሲደርስ እንዲህ ይመስላል፦ ስምንት ዓመት ያገለገለው ላፕቶፕ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ባትሪው ከአንድ ሰዓት አይዘልም፣ አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ይላል። ልጁ «አዲስ ይገዛልኝ» ይላል። አባት «ይሠራ የለም እንዴ?» ይላሉ። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በሰዓት 15 ዶላር ለምታገኝ እናት 600 ዶላር ማለት ግብር ሳይቆረጥ የ40 ሰዓት፣ የአንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ «አርጅቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። መጀመሪያ የታመመው ክፍል በስሙ ይጠራ፤ ስለ ዋጋ ከዚያ በኋላ ይወራል።

ምርመራው በነፃ ነው

ይህን ሥራ ልጁ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ግቡ። ከዚያ በየቀኑ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ክፈቱ፤ ብራውዘሩን ከነታቦቹ፣ የቤት ሥራውን፣ ኮድ የምትጽፉበትን ጭምር።

ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆየና ዓይነቱ ኤችዲዲ ከሆነ የዝግታው ምንጭ ተገኘ ማለት ነው። ሜሞሪው ጢም ብሎ ከሞላ ችግሩ የራም ማነስ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ላፕቶፑ ግን እየጋለ የሚጎተት ከሆነ ማራገቢያውን ጠርጥሩ። አቧራ ሲዘጋው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ይህ በጽዳት የሚድን በሽታ ነው።

ለባትሪው ደግሞ ዊንዶውስ ሪፖርት ያወጣል። በሪፖርቱ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አስተያዩ። 50,000 የነበረው አሁን 20,000 ብቻ የሚይዝ ከሆነ የቀረው 40 ፐርሰንት ነው። ባትሪው አብጦ ታችፓዱን ወይም ክዳኑን ወደ ላይ ከገፋው ግን ቁጥር አትቁጠሩ። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፤ አትውጉት፣ አትጫኑት። የሊቲየም ባትሪ እሳት ቀልድ አያውቅም።

ቀላሉና ከባዱ ጥገና

በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ዲስክና ባትሪ በዊንች ተፈትተው የሚቀየሩ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት ነው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ያላቸው ሲሆኑ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባሉ። መደበኛ የሳታ ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነባቸው እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎች ስለሆኑ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ራም ሁለት ዓይነት ነው። በሶኬት የገባ ከሆነ ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ በስስ ላፕቶፖች ግን ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ አረጋግጡ። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በጣም ስለጨመረ ባለፈው ዓመት በሰማችሁት ዋጋ አትተማመኑ። ዕቃውን በአካል ማየት የሚፈልግ በማሪዬታና በዱሉዝ የማይክሮ ሴንተር መደብሮች አሉ።

ማዘርቦርድ ሲበላሽ ወይም ቡና ውስጡ ሲፈስበት ነገሩ ይለያል። የእጅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከጥገናው በኋላም ሌላው ክፍል መቼ እንደሚከተል አይታወቅም። ጠጋኝ ቤት ከወሰዳችሁት ጠቅላላ ግምቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የምርመራ ክፍያ እንዳለና ካልተጠገነ እንደሚመለስም ቀድማችሁ እወቁ።

ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው?

ጤነኛ ላፕቶፕም ቢሆን ሶፍትዌሩ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 እና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ትውልዱ ከስሙ ይነበባል፦ ኮር አይ5-7200ዩ 7ኛ ትውልድ ስለሆነ አያልፍም፤ ኮር አይ5-8250ዩ 8ኛ ስለሆነ ያልፋል። ሁለቱ ላፕቶፖች በመልክ መንታ ሊሆኑ ይችላሉ። 8ኛ ትውልድ የሆነው ላይ ኤስኤስዲና ባትሪ ማውጣት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ያላለፈው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የማይክሮሶፍት የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ሲሆን እስከ ኦክቶበር 13, 2026 ድረስ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ 30 ዶላር ነው፤ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያመሳስል ግን በነፃ ይሰጣል። ሁለተኛው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ሊኑክስ መጫን ነው። ሦስተኛው ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ነው። ኮድ መጻፍ ለሚማር ልጅ ሊኑክስ ቅጣት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኤስኤቲ አሁን በወረቀት አይደለም፤ ብሉቡክ በሚባል ፕሮግራም ይፈተናሉ። ብሉቡክ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በአይፓድና ትምህርት ቤት በሚያስተዳድረው ክሮምቡክ ላይ ይሠራል፤ በሊኑክስ ወይም በግል ክሮምቡክ ላይ አይሠራም። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ኮምፒውተር ካለ መልሱ ቀላል ነው፦ ፈተናው በእሱ፣ ሙከራው በአሮጌው። ምንም መሣሪያ ለሌለው ተፈታኝ ደግሞ ኮሌጅ ቦርድ አስቀድሞ ከተጠየቀ ያበድራል። ስለዚህ ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት የፈተናውን ቀን ተመልከቱ።

አማርኛው አዲስ ማሽን አይጠይቅም

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጊዜ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «አማርኛ እንዲጽፍልኝ አዲስ ልግዛ» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሊኑክስ ላይ ኤም17ኤን በሚባለው ሥርዓት የሴራ አጻጻፍ አለ፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን የላቲን ፊደላት በተራ ስትጫኑ «ሰላም» ይወጣል። ነፃው ኪማንም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ለአሮጌ ፋይሎች ነው። ብዙ ጊዜ የልጁ ላፕቶፕ የቤቱም መዝገብ ነው፤ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአያት ደብዳቤ እዚያ ይገኛል። ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑ የድሮ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ፋይሉን ከነፎንቱ ቅዱ፤ ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ እያላችሁም ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አንድ ቅጂ አስቀምጡ።

ሒሳቡ

ወጪውን ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ ያገለግላል ብላችሁ በምትገምቱት ዓመት አካፍሉ። ጥገናው 120 ዶላር ሆኖ ሁለት ዓመት ካስኬደ በዓመት 60 ዶላር ነው። 600 ዶላር የተገዛ አዲስ አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 120 ነው። ማዘርቦርዱ 350 ዶላር ተጠይቆ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያስተማምን ከሆነ ግን መጠገኑ ከአዲሱ ይወደዳል። በመካከል ደግሞ ታድሶ የሚሸጥ የቢሮ ላፕቶፕ አለ፤ እዚያም ላይ መጀመሪያ የምትጠይቁት የፕሮሰሰሩን ትውልድ ነው።

አሮጌው የት ይሂድ?

«አገር ቤት እንላከው» የሚለው ሐሳብ መልካም ነው፤ ላፕቶፑ የሚሠራ ከሆነ። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስተካከያ ብቻ ነው። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ጨርሶ አይወጣም። እዚህ ያልዳነ ማዘርቦርድ ለአክስት ልጅ ስጦታ አይሆንም፤ መለዋወጫ ፍለጋ ያንከራትተዋል እንጂ። የሞተውን አትላንታ ሂል ስትሪት ላይ ያለው ቻርም ቀጠሮ ለያዘ ሰው ይቀበላል።

እናንተ ወጣቶች፣ አዲስ ላፕቶፕ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙና አራት ነገር ጻፉ፦ የታመመው ክፍል ስም፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የጥገናው ዋጋ፣ የአዲሱ ዋጋ። ያንን ወረቀት ለእናት ወይም ለአባት ስታቀርቡ ልመና መሆኑ ቀርቶ ምክክር ይሆናል።