ጌራኒየምና ውርጭ

በየደጃፉ በቆርቆሮ ተተክሎ የምናየውን ቀይ አበባ ጌራኒየም እንለዋለን። ስሙ የቆየ ስሕተት ነው። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለት ዓይነት ተክሎችን ባንድ ስም ጠራቸው፤ በ1789 ሌሪቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ለያያቸው። የቆርቆሮው አበባ ፔላርጎኒየም ነው፤ የዘሩም አገር ደቡብ አፍሪካ ነው።

ታዲያ ስሙ ምን ይፈይዳል? ለኛ ለአጅባር ደገኞች ብዙ ይፈይዳል። ፔላርጎኒየም ግንዱ ውኃ ያዘለ ስለሆነ ኃይለኛ ውርጭ ባንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። እውነተኛው ጌራኒየም ግን ብዙው ዓይነት ቅጠሉ ቢመታም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከነዚህ ወገን ጌራኒየም አራቢኩም የተባለው በኢትዮጵያ ደጋ ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይበቅላል። አበባው ትንሽ፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። እርግጥ እንደ ቆርቆሮው ዓይን አይስብም! በሰኔ ዝናብ ከነአፈሩ አንሥቶ ጓሮ መትከል ነው።

ቀዩን አልተውም ያለ ደግሞ ውርጩን ይጠብቅ። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ማታ፣ ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ወይም ጣራ ካለ ሙቀቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ ቆርቆሮውን ማታ ማታ ጣራ ሥር ማስጠጋት ነው። ለመጠባበቂያም በመስከረም ስንዝር የማይሞላ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታች ቅጠሉን አራግፎ፣ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሮ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር መትከል። ውኃ ማብዛት አይገባም፤ ይበሰብሳል። ይህችን ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ያቆየ ሰው፣ ደጅ ያለው ቢሞትበትም ለከርሞ ዘር አያጣም።