የእንስሳት ደኅንነት እንዴት ይመዘናል?

እንስሳ ስሜቱን በቃል አይገልጽም። ስለዚህ በሰው እጅ የሚኖር እንስሳ ተመችቶታል ወይስ ተቸግሯል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የምንሰጠው ራሳችንን በእርሱ ቦታ አድርገን በመገመት ነው። ግምቱ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ሊያሳስት እንደሚችል የሚከተለው ያስረዳል።

በእንግሊዝ አገር በፕሮፌሰር ብራምቤል ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1965 በሽቦ ሣጥን ውስጥ ስለሚረቡ ዶሮዎች ሲመክር፥ ቀጭኑ ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ ቀርቶ ወለሉ ከወፍራም ሽቦ እንዲሠራ አሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ሂዩዝና ብላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ምርጫውን ለዶሮዎቹ ቢተዉላቸው፥ ዶሮዎቹ የወደዱት ያንኑ የተነቀፈውን ቀጭን ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ምክር ተፈጻሚ ሲሆን ሕግ ይሆናልና፥ እንዲህ ያለው ስሕተት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ምርጫም ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ማሪያን ዶኪንስ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳየችው፥ በሽቦ ሣጥን ያደጉ ዶሮዎች በመጀመሪያ የለመዱትን ሣጥን መረጡ፤ ውጭውን ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ግን ወደ ሜዳው አዘነበሉ። እንግዲህ ምርጫ በልማድ ይለወጣል።

ከዚህም ሌላ እንስሳው የመረጠውን ነገር ምን ያህል እንደሚፈልገው መታወቅ አለበት። ይህም የሚለካው ዋጋ በማስከፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፥ ለጠጉሩ ሲባል የሚረባው ሚንክ የተባለ አውሬ ወደ ልዩ ልዩ ነገሮች የሚያስገቡ በሮች ክብደት ተጨመረባቸው። እንስሳቱ ከሁሉ አብልጠው የገፉት ወደ መዋኛው ውሃ የሚያስገባውን በር ነበር። መዋኛው በተከለከሉ ጊዜም በሽንታቸው የተገኘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ምግብ እንደተከለከሉ ያህል ከፍ አለ።

ኮርቲሶልም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ በሩጫና በጥቂ ጊዜም ይጨምራልና። ስለዚህ ተመራማሪው እንደ ዳኛ ምርጫን፥ የተከፈለውን ዋጋና የአካልን ምልክት እንደ ሦስት ምስክሮች አቅርቦ ቃላቸውን ያስተያያል። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ባዶውን የዶሮ ሣጥን ከልክሎ እንቁላል መጣያ፥ ቆጥና መጫሪያ ማስፈለጉን ሕግ ያደረገው ይህን በመሰለ ምርመራ ተደግፎ ነው። ርኅራኄ ጥያቄውን ያነሣል፤ መልሱን ግን ከእንስሳው መጠየቅ ይገባል።