ዛፍን ስለ መጐንደልና ስለ መግረዝ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያና በፒያሳ ባሉት መንገዶች ዳር፥ በየግቢውም አጥር ውስጥ ስለ ቆሙት ረጃጅም ዛፎች ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ ወገን፥ ዛፉ እጅግ ረዝሟልና ንፋስ ሳይጥለው አናቱ ይቈረጥ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ አናቱ አይነካ፥ የሚያሠጋው ቅርንጫፍ ብቻ በሥርዓት ይነሣለት ይላል። የፊተኛው ሥራ መጐንደል፥ የኋለኛው መግረዝ ይባላል። በሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሁለቱም ያው የብረት ሥራ ይመስሉታል፤ ነገር ግን አንደኛው ዛፉን ሲያኖረው ሌላው ቀስ በቀስ ይገድለዋል።

ይጐንደል የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። የቤታቸው ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ በክረምት ንፋስ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ቢወድቅበት ሰው ሊጎዳ ይችላል። የመብራት ሽቦም ከቅርንጫፍ ጋር ሲነካካ እሳት ያስነሣል። ነጋዴውም የሱቁ ሰሌዳ በቅጠል ተሸፍኖ ገበያተኛ ሲያልፈው ቢያዝን አይፈረድበትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በዓይናቸው ያዩት ማስረጃ አላቸው፤ ይኸውም ባሕር ዛፍ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግቢ ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገር የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ፥ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ የተባለው፥ እጅግ ፈጥኖ ስለ በቀለ ከተማዋ በስፍራዋ ጸናች። ይህ ዛፍ ከመሬት አጠገብ ሲቈረጥ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም ጥቂት ዓመት ቈይቶ ማገር፥ ከዚያም አጣና ይሆናል፤ እንደ ገናም ይቈረጣል። እንግዲህ የከተማው ሰው ከአያቱ ጀምሮ የተማረው፥ ዛፍ ቢቈረጥ ይበቅላል የሚለውን ነው።

ይህ ትምህርት ለባሕር ዛፍ እውነት ነው፤ ስሕተቱ ለዛፍ ሁሉ ማድረጉ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ለአጣና ሲቈረጥ አዲሱ ግንድ መሬትን ተደግፎ ያድጋል፤ ሳይከብድም ዳግመኛ ይቈረጣል። የተጐነደለ ዛፍ ግን አዲሱን ሸክም የሚሸከመው በአየር ላይ፥ በቈሰለ ጫፍ ላይ ነው። ጥድም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ሁሉ የምናየው ዛፋችን ሲሆን፥ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨቱ ስለማያቈጠቍጥ፥ አናቱን ያጣ እንደ ሆነ ያጣውን መልሶ አያገኘውም።

ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ቅጠልን መመልከት ያስፈልጋል። ቅጠል የዛፍ ወጥ ቤት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ፥ የተረፈውን በግንድና በሥር ስንቅ አድርጎ ያኖራል። ዛፍ ሲጐነደል ቅጠሉን በአንድ ቀን ያጣልና፥ ከሞት ለማምለጥ ስንቁን አውጥቶ ከቁስሉ በታች ብዙ ቀንበጥ ያበቅላል። ባለቤቱም ይህን አይቶ፥ ዛፌ ታደሰ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የቀድሞው ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በየዓመቱ እየተደራረበ፥ ከውስጥ ተያይዞ ያደገ ነበር፤ አዲሱ ቀንበጥ ግን ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ እንጨት ላይ ብቻ የተለጠፈ ነው። ከሥሩ ያለው ጉማጅ እየበሰበሰ፥ ቀንበጡም እየከበደ ሲሄድ ተገንጥሎ ይወድቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛፉ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ይመለሳል፤ በፊት ያልነበረ አደጋ ግን ጨምሮ ነው። ንፋስን ፈርቶ የጐነደለ ሰው ዛፉን ለንፋስ አዘጋጅቶ ሰጠው ማለት ነው፤ ለቈራጩም ደጋግሞ ይከፍላል።

በአሜሪካ መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው አሌክስ ሺጎ፥ ብዙ ግንዶችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ በመመርመር የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል እንደማይድን አስረድቷል። ዛፍ የበሰበሰውን ሥጋ አይተካም፤ በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ ይከትረዋል እንጂ። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ስፍራ እንደ አንገትጌ ያበጠ ቀለበት አለ፤ ይህም ግድግዳ በደኅና የሚሠራው በዚያ ነው። በመካከሉ የተጐነደለ ግንድ ግን ይህ አንገትጌ ስለሌለው መበስበሱ ወደ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ የሚገርዝ ሰው በገጀራ ወይም በምሳር ሳይሆን በስለታም መጋዝ ይሥራ። አስቀድሞ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ከታች በኩል ጥቂት ይቍረጥ፤ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ቈርጦ ቅርንጫፉን ይጣለው፤ ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ቅርፊቱ አይላጥም። በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ከአንገትጌው ውጭ ያንሣው፤ አንገትጌውን አይንካ፥ ረጅም ጉማጅም አይተው። ቀለም መቀባት መበስበስን አይከለክልም። በአንድ ዓመትም ከቅጠሉ ከአራት እጅ አንዱን የሚበልጥ አይነሣ። ዛፉ በእውነት የረዘመ ከሆነ፥ ረጅሙ ቅርንጫፍ የሚቈረጠው ከውፍረቱ ሢሶ ከማያንስ የጎን ቅርንጫፍ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ ያም የጎን ቅርንጫፍ ጫፍ ሆኖ ይቀጥላል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተሠራ ጊዜ ከፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሰፋ፤ በዳርና በዳሩም ችግኝና ዘንባባ ተተከለ። ዘንባባ የሚያድገው በአናቱ ባለች በአንዲት እምቡጥ ብቻ ነውና እርሷ ከተቈረጠች ፈጽሞ ይሞታል። ሌላው ችግኝ ገና ጣት ሳያህል አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ተመርጦለት ተቀናቃኙ በመቀስ ቢነሣ፥ ቁስሉ ቶሎ ይከደናል፤ ወደ ፊትም መሰላልና ገመድ አያሻውም።

በገጠር ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሽቦው በምሰሶ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፥ ከሽቦው ሥር ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ አይተከል፤ በዚያ ስፍራ ኮክ ወይም ጌሾ ይበቃዋል፤ ረጅሙ ዛፍ ከምሰሶውና ከክፍሉ ርቆ በግቢው ዳር ይቁም።