ቀላልም ከባድም የነበረችው ሣጥን፦ የአንድ አንጋፋ ምትሐተኛ ትዝታዎች

የበዓል ማዕድ ተነሥቶ፣ የቡናው አቦል ተጠጥቶ ቶናው በሚቀዳበት ሰዓት ሕፃናቱን ሰብስቦ የሚያጫውት አንድ ዘመድ ከብዙ ቤት አይጠፋም። እኛም በልጅነታችን እንዲህ ያለ አጎት ነበረን። ዐሥር ሳንቲም በመዳፉ ጨብጦ እፍ ይልበታል፤ ጣቶቹን ሲዘረጋ ሳንቲሙ የለም። ጥቂት ቆይቶ ከአንዳችን ጆሮ ሥር ያወጣዋል። ምሥጢሩን ለማግኘት ኪሱን ስንበረብር አያታችን ከተቀመጡበት ሆነው «ተው አንተ ልጅ፣ ኋላ ጠንቋይ ነው ይሉሃል!» እያሉ ይገሥጹት ነበር። አጎታችን ግን ከመለያየታችን በፊት እጅጌውን ገልጦ ሳንቲሙ የተደበቀበትን ሳያሳየን አያሰናብተንም።

የአያታችን ሥጋት መሠረት የሌለው አልነበረም። ምትሐት የሚለው ቃል በመጽሐፍ የምናውቀው ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት ጌታን በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩ ጊዜ የታወኩት ምትሐት መስሏቸው ነበር። መልክ እንጂ አካል የሌለው ነገር ማለት ነው። ጠንቋይ ግን ከዚህ አልፎ ከስውር ኃይል ጋር ውል አለኝ ይላል፤ በዚያም ሰውን ያስፈራል፣ ያስገብራል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ለመረዳት ከፈረንሳዊው ምትሐተኛ ከሮቤር ኡዳን ትዝታዎች የተሻለ ምስክር አላገኘንም። ይህ ሰው በሸመገለ ጊዜ የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1858 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉም የብዙ ምትሐተኞች የመጀመሪያ መምህር ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ገናናው ሁዲኒ ይህን ስም ለራሱ ያወጣው ያንን መጽሐፍ በወጣትነቱ አንብቦ በመደነቅ ነው።

ዣን ኤውዤን ሮቤር እ.ኤ.አ. በ1805 ዓ.ም. በብሏ ከተማ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ተወለደ። (መጽሐፉ ታኅሣሥ 6 ቀን ሲል የከተማው መዝገብ ታኅሣሥ 7 ይላል፤ ትዝታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንዴት እንደሚያዳልጥ ልብ ይሏል።) ኡዳን የሚለውን ስም የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1830 ዓ.ም. የፓሪስ ሰዓት ሠሪ ልጅ ሲያገባ ከሚስቱ ወገን ነው። አባቱ የውል አዋዋይ ጸሐፊ እንዲሆንላቸው ቢመኙም የልጁ ልብ ከጥርሳ ጥርስና ከሞላ አልተለየም። ወደ ምትሐት የገባበትንም አጋጣሚ እንዲህ ይተርከዋል። ስለ ሰዓት አሠራር የሚያስተምሩ ሁለት ጥራዞች ከመጽሐፍ ሻጭ ይገዛል፤ ቤቱ ደርሶ ጥቅሉን ሲፈታ ግን ሻጩ በስሕተት የሰጠው ስለ ልዩ ልዩ አስደናቂ ጨዋታዎች የተጻፉ ሌሎች ሁለት ጥራዞች ኖረዋል። ሊመልሳቸው ሲገባው ሌሊቱን ሲያነብ አደረ። ከዚያ በኋላ አራት ኳሶችን በአየር ላይ እያፈራረቀ በዚያው ጊዜ መጽሐፍ ማንበብን ተለማመደ። እጆቹንም በኪሱ ውስጥ ካርታና ሳንቲም ይዘው ሰው ሳያይ እንዲሠሩ አሠለጠናቸው። እንግዲህ ከጥበቡ ሁሉ በፊት ያለው ይህ አሰልቺ ልምምድ ነው።

ሐምሌ 3 ቀን 1845 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ፓሌ ሯያል ሁለት መቶ ያህል ሰው የምትይዝ ቲያትር ቤት ከፈተ። የዚያን ምሽት ትዝታው ግን የድል አይደለም። ፍርሃት ይዞት ቃላቱን ያጣድፍ ነበር፤ በማግሥቱም ሥራውን ሊተው ቆረጠ። አንድ ወዳጁን ሲያገኝ ሐሳቡን ቢያጫውተው ወዳጁ ውሳኔውን ደግፎ ነገሩ ከመነሻው ከንቱ እንደ ነበረ ነገረው። ሮቤር ኡዳን በዚህ ተቆጣና ወደ ቲያትር ቤቱ ተመለሰ። ወዳጁ አጽናንቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስሙን አናነሣውም ነበር።

ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙዎቹ ምትሐተኞች የጠንቋይ ቀሚስ ለብሰው፣ እስከ መሬት በሚደርስ ጨርቅ ከተሸፈኑ ጠረጴዛዎች ጀርባ ቆመው ይሠሩ ነበር። እርሱ ግን እንደ ማንኛውም የእራት ተጋባዥ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ በብርሃን በተሞላ፣ የእንግዳ መቀበያ ክፍል በሚመስል መድረክ ላይ ቀረበ። ምሽቱም እንደ ልዩ ልዩ ትርኢት ሁሉ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው የሚተካ ነበር። ብርቱካን ዛፍ በተመልካች ፊት ያብባል፣ ፍሬም ይይዛል፤ እውነተኛዎቹ ብርቱካኖች ለሕዝቡ ይታደላሉ፤ በመጨረሻ የቀረው አንዱ ፍሬ ሲከፈት ሁለት ቢራቢሮዎች ከሴት ተመልካች የተወሰደውን መሐረብ ይዘው ይወጣሉ። ዛፉ የሰዓት ሠሪ እጅ ሥራ ነበር።

ሕዝቡን ይበልጥ ያስገረመው ግን ልጁ ኤሚል ነው። ልጁ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ መድረክ ላይ ይቀመጣል፤ አባቱ በሕዝቡ መካከል እየተዘዋወረ ሰዎች የሚሰጡትን ዕቃ በእጁ ያነሣል፤ ልጁም የዕቃውን ዓይነትና ምልክት አንድ በአንድ ይናገራል። ስለ ዝግጅቱ የጻፈውን ስናነብ አባትና ልጅ በፓሪስ ጎዳና ላይ ሲሄዱ ይታየናል። በአንድ ሱቅ መስኮት ፊት ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ በመስኮቱ ያዩትን ዕቃ ሁሉ በቃላቸው ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ያመሳክራሉ። የዛሬ ወላጅ ይህን ቢያነብ ቅናት ሳይሰማው አይቀርም እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1847 ዓ.ም. ያቀረበው ሌላ ትርኢት ግን ጭቅጭቅ አስነሣ። በዚያ ዘመን ኤተር የተባለው ማደንዘዣ አዲስ ነበርና ሕዝቡ ሁሉ ስለ እርሱ ያወራ ነበር። ሮቤር ኡዳን ትንሽ ልጁን በኤተር ያስተኛው መስሎ፣ ክንዱን ብቻ በአንድ ዘንግ ላይ አስደግፎ በአየር ላይ አጋደመው፤ ከመጋረጃው ጀርባም እውነተኛ ኤተር እየተነነ ሽታው አዳራሹን ይሞላው ነበር። ይህን ጊዜ ልጅን ለገንዘብ ሲል ይጎዳል የሚሉ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ይጎርፉለት ጀመር። እርሱ በመጽሐፉ ይህን ሲያነሣ እንደ መደሰት ያደርገዋል፤ ተመልካቹ ማመኑ የሥራው ማስረጃ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1848 ዓ.ም. አብዮት ተነሥቶ የፓሪስ ቲያትር ቤቶች ጭር ባሉ ጊዜ ወደ ለንደን ተሻገረ፤ በንግሥት ቪክቶሪያም ፊት ሠራ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቲያትር ቤቱን ለሌላ ትርኢተኛ አስረክቦ በትውልድ አገሩ አጠገብ በሳን ዤርቬ ተቀመጠ። ቤቱን በኤሌክትሪክ ሞላው። የግቢው በር ራሱ ይከፈት ነበር፤ የፈረሱም መኖ በሥራ ክፍሉ ካለው ሰዓት በሚተላለፍ ኤሌክትሪክ በሰዓቱ ይወርድለት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ወደ ሣጥኗ የምንመጣው። በፓሪስ መድረክ ላይ ሕፃን የሚያነሣትን ትንሽ ሣጥን ያሳይ ነበር፤ እርሱ በፈቀደ ጊዜ ግን ብርቱ ሰው ሊነቀንቃት አይችልም። ነገሩ ቀላል ነው። የሣጥኗ ወለል ብረት ነው፤ ከመድረኩ ሥር የተደበቀ የኤሌክትሪክ ማግኔት ኃይል ሲለቀቅበት ሣጥኗን አጥብቆ ይይዛል። በዚያ ዘመን የማግኔትን ኃይል ከሊቃውንት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ለፓሪስ ተመልካች ግን ሣጥኗ ጨዋታ ነበረች፤ ሊታለል ትኬት ገዝቶ የገባ ሰው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ይህንኑ ጡረተኛ ወደ አልጄሪያ ላከው። አገሪቱን የወረረው ጦር ማራቡ የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች በሕዝቡ ላይ ያላቸውን ተሰሚነት ይፈራ ነበር። ተኣምር እንሠራለን እያሉ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣሉ ብሎም ያምን ነበር። ስለዚህ ፈረንሳዊ ከእነርሱ የበለጠ ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ሰው አስፈለገ። ጥቅምት 28 ቀን በአልጀርስ ቲያትር ቤት የነገድ አለቆች ተሰበሰቡ። ሮቤር ኡዳን ከባርኔጣ የመድፍ አሎሎ አወጣ፤ ከዚያ ሣጥኗን አመጣ። አንድ ጡንቸኛ ጎልማሳ ወጥቶ እንደ ላባ አነሣት። ምትሐተኛውም ኃይልህን ወስጄብሃለሁ አለውና ድጋሚ እንዲሞክር ጋበዘው። ሰውየው እስኪያልበው ቢታገል ሣጥኗ አልነቃነቅ አለች፤ ይባስ ብሎ በእጀታዋ በኩል የኤሌክትሪክ ነዘር ተለቀቀበትና በጉልበቱ ወድቆ ጮኸ፤ ከመድረኩም ሮጦ ወጣ። ወዲያው ደግሞ አንድ ወጣት በጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ ሲሰወር ተመልካቹ ወደ በሩ ግር ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ውስጥ ሲዘዋወር አንድ ማራቡ በሽጉጥ ልተኩስብህ ብሎ ተፈታተነው። ሮቤር ኡዳን እስከ ማግሥቱ ጊዜ ጠይቆ ሌሊቱን ከሰም የተሠሩ፣ በጥላሸት የጠቆሩ ዐረሮች ሲያዘጋጅ አደረ። ከሁለቱ አንዱን ባዶ አድርጎ ከገዛ ደሙ ሞላው። ጧት ማራቡው ሲተኩስ ዐረሩን በጥርሱ ይዞ ታየ፤ ሁለተኛውን ራሱ ወደ ግድግዳ ሲተኩስ ግድግዳው ደማ። ማራቡው ደሙን በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፤ ደንግጦም ዝም አለ።

ይህን ምዕራፍ ስናነብ እጅ የማንነሣበት ምክንያት አለን። ደራሲው አለቆቹ ቆየት ብለው ያዩት ሁሉ የእጅ ጥበብ እንደ ሆነ በአስተርጓሚ እንደ ተነገራቸው፣ እነርሱም ማኅተማቸውን ያኖሩበት የምስጋና ጽሑፍ እንደ ሰጡት ይተርካል። ይሁን። ነገር ግን መጀመሪያ እንዲፈሩ ተደርገዋል፤ የተነገራቸውም ፍርሃቱ ሥራውን ከሠራ በኋላ ነው። በሽጉጥ ፊት የቆመው ማራቡ ስለ ሰሙ ዐረር የነገረው ሰው መኖሩን መጽሐፉ አያወሳም። ማራቡውን ሐሰተኛ ነው ብሎ የመጣው ሰው ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጠ፤ ልዩነቱ የእርሱ ጀርባ ላይ ጦር ሠራዊት መኖሩ ብቻ ነው። ሣጥኗ ያችው የፓሪሷ ሣጥን ናት፤ የተለወጠው ተመልካቹ ለምን እንደ ተጠራ አለማወቁ ነው።

ደግሞም ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው ከእርሱው ብዕር ነው። በወጣትነቴ ምትሐት ያስተማረኝ ብሎ የሚተርክለት ቶሪኒ የተባለ ምትሐተኛ ነበረ፤ ይህ ሰው በመድረክ ላይ ሳለ በስሕተት የገዛ ልጁን ተኩሶ እንደ ገደለ የሚናገረው ታሪክ አንባቢን ያስለቅሳል። ኋላ የመረመሩ ጸሐፊዎች ግን የቶሪኒን ዱካ በየትኛውም መዝገብ አላገኙም፤ ብዙዎቹም የፈጠራ ሰው ነው ይላሉ። ያ በስሙ የተጠራው ሁዲኒም እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. የቀድሞ መምህሩን ሌሎች የፈለሰፉትን የእኔ ነው ያለ ሲል የሚከስ መጽሐፍ አወጣ። ክሱ ከልክ ያለፈ እንደ ነበረ ዛሬ ብዙዎች ይስማማሉ።

የእውነተኛው ኀዘን ግን በትዝታ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ከኅትመቱ በኋላ የመጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1870 ዓ.ም. ከፕሩስያ ጋር በተደረገው ጦርነት ሻምበል የነበረው ልጁ ኤውዤን ቆስሎ ሞተ። የጠላት ጦር ወደ ብሏ ሲቀርብም ሽማግሌው ቤተሰቡን በቤቱ አጠገብ በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ሸሸገ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 13 ቀን በሳንባ ምች ዐረፈ።

የእርሱን ስም የያዘው የፓሪስ ቲያትር ቤት እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. ዦርዥ ሜልየስ በተባለ ሰው እጅ ገባ፤ ከሲኒማ ቀደምት ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሜልየስ ነው። በብሏ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ የተሰየመ የምትሐት ቤተ መዘክር አለ። በየግማሽ ሰዓቱ መስኮቶቹ ይከፈቱና ስድስት የወርቅማ ዘንዶ ራሶች እየተወዛወዙ ይወጣሉ። ዘንዶዎቹን የሚያንቀሳቅሰው መኪና መሆኑን ከታች የቆመው ሕዝብ ሁሉ ያውቃል።