ስንቅን በደም ቋጥሮ መጥለቅ

በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሄደ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም። ጉማሬው ጆሮውን አራግፎ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ ገጥሞ ይሰምጣል። ውሃው ይረጋል። ተሳፋሪው ሁሉ ዐይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ደቂቃ ያልፍና ባልታሰበ በኩል «ፉፍ!» ብሎ ብቅ ይላል።

ጉማሬ እንደ እኛው በሳንባ የሚተነፍስ እንስሳ ነው። ዓሣ ኦክስጅኑን ከውሃው ውስጥ ያገኛል፤ ጉማሬ፣ አዞ፣ ዓሣ ነባሪ ግን አየር ካላገኙ ይሞታሉ። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ በምን ቆዩ? ብዙዎቻችን «ሳንባቸው ትልቅ ስለሆነ ነው» እንላለን። መልሱ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ከጫሞ ርቆ እስከ አንታርክቲካ መሄድ ያስፈልጋል።

አቆስጣ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት፣ ከድንኳኑ መሸፈኛ ቁርበት ጋር ነው። ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው ሰውነቱ ድቡልቡል፣ እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነ የባሕር አጥቢ ነው። ከአቆስጣ ዘሮች አንዱ፣ ዌዴል የሚባለው፣ በአንታርክቲካ በረዶ ሥር እያደነ ይኖራል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይተነፍስ የቆየበት ጊዜ ተመዝግቧል። የሚገርመው ግን አነሳሱ ነው። እኛ ልንጠልቅ ስንል አየር ስበን ደረታችንን እንሞላለን፤ እሱ ግን ብዙውን አየር አስወጥቶ ይሄዳል።

ምክንያት አለው። አየር የሞላው ሳንባ ወደ ላይ ይገፋል፤ ለመስመጥ ጉልበት ያስከፍላል። ከዚያም በላይ፣ ጥልቀቱ ሲጨምር የውሃው ግፊት በሳንባ ያለውን ናይትሮጅን ወደ ደም ያስገባዋል፤ ይህም ጠላቂውን ይጎዳል። የአቆስጣው ሳንባ በጥልቀት ሲታመቅ አየሩ ከደም ጋር መገናኘቱን ያቆማል። ከሚይዘው ኦክስጅን በሳንባው ያለው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስንቁ ያለው በደሙና በጡንቻው ነው። በክብደት ሲሰላ ከሰው እጥፍ ያህል ደም አለው፤ ደሙም ኦክስጅን ተሸካሚ በሆኑት ቀይ ሴሎች የወፈረ ነው። ጣፊያው ደግሞ እንደ ጎተራ ያገለግላል። በዕረፍት ጊዜ ቀይ ሴሎችን ያከማቻል፣ መጥለቅ ሲጀመር ተጨምቆ ወደ ደም ሥር ይለቃቸዋል። በጡንቻው ውስጥ ማዮግሎቢን የሚባል ኦክስጅን ያዥ ፕሮቲን በብዛት ስላለ ሥጋው ወደ ጥቁረት ያደላል። ይህ ሁሉ ሲደመር በእያንዳንዱ ኪሎ የሚይዘው ኦክስጅን ከሰው አራት እጥፍ ያህል ይሆናል።

እንዲህ የተትረፈረፈ ፕሮቲን እርስ በርሱ ተጣብቆ መርጋት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የጠላቂ እንስሳት ማዮግሎቢን በላዩ የበዛ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ተጠጋግቶም አይጣበቅም። ሳይንስም ለዚህ ፕሮቲን ባለ ዕዳ ነው። ጆን ኬንድሩ እ.ኤ.አ. በ1958 የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ከዓሣ ነባሪ ጡንቻ በተገኘ ማዮግሎቢን ነበር። በ1962 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው።

ስንቅ ብቻውን ግን አያዘልቅም፤ ቁጠባ ይጠይቃል። ኖርዌያዊው ፔር ሾላንደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አቆስጣዎችን በቤተ ሙከራ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ሲመረምር የልብ ምታቸው እጅግ ሲዘገይ አየ። የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ደሙ ከሌላው አካል ተቀንሶ ለአንጎልና ለልብ ይቀርባል፤ ጡንቻም በራሱ ማዮግሎቢን ይሠራል።

እንስሳው በገዛ ፈቃዱ ሲጠልቅስ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጄራልድ ኩይማን በአንታርክቲካ ከወጥ ቤት ሰዓትና ጥላሸት ከተቀባ መስታወት መመዝገቢያ ሠርቶ በአቆስጣ ጀርባ ላይ አሰረ። ሌላ መተንፈሻ በሌለበት በረዶ ላይ ቀዳዳ ስለከፈተ እንስሳው ወደዚያው መመለሱ አይቀርም ነበር። በኋላ ከተሰበሰበው መረጃ የታየው ትልቅ ቁም ነገር ነው። አብዛኛው መጥለቅ ከ20 ደቂቃ ገደማ አያልፍም። ከዚያ ከዘለለ ጡንቻ ያለ ኦክስጅን መሥራት ይጀምራል፣ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፣ እሱን ለማጥራትም ረጅም ዕረፍት ይጠይቃል። እንስሳው አንድ ሰዓት መቆየት ሲችል ስንቁ ሳያልቅ መመለስን ይመርጣል።

በአጥቢዎች ከተመዘገበው ሁሉ የሚልቀው ኩቪዬ የሚባለው ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አንዱ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከውሃ ሥር መቆየቱን መዝግቧል።

ወደ ጫሞ ስንመለስ፣ አዞ በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ሰውነቱ ሙቀት ለማመንጨት ስለማይደክም ፍጆታው ትንሽ ነው፤ በዕረፍት ላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ልቡ ደሙን ወደ ሳንባ ሳይልክ መልሶ ወደ ሰውነት የሚያዞርበት መንገድ አለው። የሚገርመው ግን በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢኑ ነው። ሰውነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያመነጭ ከእሱ የሚፈጠረው ባይካርቦኔት ሄሞግሎቢኑ ላይ ይያያዝና ኦክስጅኑን ያስለቅቀዋል። ኦክስጅኑን የሚያስለቅቀው የራሱ የትንፋሽ ቆሻሻ ነው ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ሥርዓት ጥቂት አለን። ፊታችንን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የልብ ምታችን ይዘገያል፤ ጣፊያችንም ይጨመቃል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በመጥለቅ የሚተዳደሩት የባጃው ሕዝቦች ጣፊያ ከጎረቤቶቻቸው በ50 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል።

ስለዚህ በሐይቅና በመዋኛ ገንዳ የሚወዳደሩ ልጆቻችን አንድ ነገር ይወቁ። «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማለቅ ሳይሆን በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ይህን ጠባቂ ያባርረዋል፤ ኦክስጅኑን ግን ያን ያህል አይጨምርም። ስንቁ ሲያልቅ የሚነግረው የለምና ጭንቀት ሳይሰማው ራሱን ይስታል፤ ሰው ካልደረሰለት ይሞታል። በባሕር እያደነ የሚኖረው አቆስጣ እንኳ ለመመለሻ የሚሆን ትንፋሽ ሳያስተርፍ አይሰነብትም።